ውሃ የጠማው ቡና ለምን ይመራል? ካፌይኑ ጨምሮ ነው?

ጥያቄ፦ «ቤተሰቦቼ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ሀብሮ አካባቢ ቡና አላቸው። አምና የክረምቱ ዝናብ ቶሎ ወጣ። ቅጠሉ ረገፈ፣ ፍሬውም አነሰ። አባቴ ግን ‹ውሃ የጠማው ቡና ጉልበቱ ይጨምራል፣ ካፌይኑ ይበዛል፣ እንዲያውም በደንብ መሸጥ አለበት› ይላል። አዲስ አበባ አምጥቼ ስቆላው አንዳንዱ ፍሬ ሌላው እየጠቆረ እሱ ነጣ ብሎ ቀረ። ሲፈላ ይመራል፣ ምላስ ይይዛል፣ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላል። ይሄ የካፌይን ብዛት ነው? ዩሪያ ወይም ቅጠል ላይ የሚረጭ ‹ቫይታሚን› ቢገዛለት ይስተካከላል? አባቴ ተስፋ ቆርጦ ከፊሉን ነቅሎ ጫት ሊተክል ነው።»

ምላሽ፦ መራራነቱን ያመጣው ካፌይን አይደለም። ዩሪያም አያድነውም። የቀመሱት ነገር ሳይበስል የደረቀ ፍሬ ጣዕም ነው።

የካፌይን መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በዘር ነው። የአረቢካ ጥሬ ቡና ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን አለው። ሮቡስታ የሚባለው ሌላው የቡና ዓይነት ወደ 2.2 በመቶ ይጠጋል። አንድ የአረቢካ ዛፍ በደግ ዓመትም በክፉ ዓመትም ከራሱ መጠን ብዙ አይርቅም። የዘርን ጉልበት ለማየት የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረጉትን ማንሳት ይበቃል። ከኢትዮጵያ በሄደ የቡና ዘር የበቀሉ 3,000 ያህል ዛፎችን መርምረው፣ ካፌይን የለባቸውም ለማለት የሚያስደፍሩ ጥቂት ዛፎች አገኙ። አረቢካ ናቸው፤ ልዩነቱ ከዘራቸው የመጣ ነው።

ካፌይን ለዛፉ በነጻ አይመጣም። እያንዳንዱ ሞለኪውል አራት የናይትሮጅን አተም ይፈልጋል። ናይትሮጅኑን ከአፈር ወደ ሥር የሚያደርሰው ውሃ ነው። አፈሩ ሲደርቅ እሱም ይቆማል። ስለዚህ የተጠማ ዛፍ ተጨማሪ ካፌይን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ያጥረዋል። በላቦራቶሪ ቢለካ ባልሞላ ፍሬ ላይ መቶኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ያ ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ስኳሩና ዘይቱ ሳይገባ ሲቀር የካፌይኑ ድርሻ ትልቅ ይመስላል። ደግሞስ ካፌይኑ የወጣለት ቡናም ይመራል አይደል? በስኒ ውስጥ ካለው መራራነት የካፌይን ድርሻ ትንሽ ነው።

አሁን ዛፉ ውስጥ ምን እንደሚሆን እንይ። ሥሩ አፈሩ መድረቁን ሲያውቅ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ይበዛል። ይህ ሆርሞን ከቅጠሉ በታች በኩል ያሉትን፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያዘጋል። ውሃው እንዳይባክን ነው። ነገር ግን አየር የሚገባውም በዚያው ቀዳዳ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካልገባ ቅጠሉ ስኳር መሥራት አይችልም። ፀሐይዋ ደግሞ እንደወትሮው ትወጣለች። ቅጠሉ ሊጠቀምበት ያልቻለው ብርሃን ወደ ኦክስጅን ይተላለፍና እንደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያሉ ጎጂ ነገሮች ይፈጠራሉ። እነዚህ የቅጠሉን አረንጓዴ ቀለም ይበሉታል። መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩ ይቃጠላል፣ በመጨረሻ ይረግፋል። አባትዎ ያዩት የቅጠል መርገፍ በአብዛኛው ይህ ነው።

ዛፉ ዝም ብሎ አይጎዳም፤ ይከላከላል። ቫይታሚን ሲን፣ ቢጫ ቀለሞችን፣ ጎጂዎቹን የሚያመክኑ ኢንዛይሞችን ያሰማራል። ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባሉትም ከዚህ መከላከያ ወገን ናቸው። ያጠራቀመውን ስታርች እየፈታ ወደ ቀላል ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩ በህዋሱ ውስጥ ሟሙቶ ውሃ ይይዝለታል። ፕሮሊን የሚባል አሚኖ አሲድም ይጨምራል። ፕሮሊንን «ድርቅ መከላከያ» ብለው የሚያወሩለት አሉ። ቡና ላይ ግን የፕሮሊን መብዛት የሚናገረው ዛፉ መጎዳቱን ነው። ዛፉ ድርቁን ለመቋቋሙ ማረጋገጫ አይሆንም።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ዛፉ ያለው ጎተራ አንድ ነው። ለመከላከያ የሚያወጣው ስኳርም፣ ፍሬውን የሚሞላው ስኳርም ከዚያው ጎተራ ይወጣል። ድርቁ ገቢውን ዘግቶ ወጪውን ይጨምራል። በላዩ ላይ ብዙ ፍሬ የያዘ ዓመት ከሆነ ደግሞ ባዶ ይቀራል። ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየደረቀ የሚመጣው ያኔ ነው።

ፍሬው ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንደ ድርቁ ጊዜ ይለያያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ትንሽ ፍሬና ያልሞላ ፍሬ አንድ አይደሉም።

በእናንተ አካባቢ ቡናው የሚያብበው በአብዛኛው በበልጉ መግቢያ፣ ከየካቲት እስከ መጋቢት ነው። ካበበ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ፍሬው በፍጥነት መለጠጥ ይጀምራል፤ ይህም እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይዘልቃል። ዘሩ የሚቀመጥበት ክፍል ስፋት ያኔ ይወሰናል፤ ግድግዳው ከጠነከረ በኋላ አይሰፋም። በሐረርጌ ይህ ጊዜ በበልግና በክረምት መካከል ካለው ደረቅ ክፍተት፣ ከግንቦት መጨረሻና ከሰኔ ጋር ይገጥማል። ያኔ ውሃ ካጣ ፍሬው ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ነሐሴ ጥሩ ከዘነበ ግን ትንሹ ክፍል በደንብ ይሞላል። እንዲህ ያለው ቡና ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ከባድ ነው፤ ጣዕሙም ደህና ነው። ትንሽ ፍሬ ሁሉ መጥፎ አይደለም።

ሁለተኛው ጊዜ መሙያው ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ዘሩ በፈሳሽ፣ ቀጥሎ በወተት በሚመስል ነገር፣ በመጨረሻ በጠጣር ይሞላል። ዘይቱና ፕሮቲኑ የሚገባው በዚህ ወቅት ነው። ሱክሮስ የሚባለው ስኳር በብዛት የሚገባው ደግሞ በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ፍሬው ሊቀላ ሲል ነው። ደህና የበሰለ አረቢካ ጥሬ ቡና ከክብደቱ ከ6 እስከ 9 በመቶ ሱክሮስ ይይዛል። የክረምቱ ዝናብ በነሐሴ መጨረሻ ቢቆም የሚጎዳው ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው። ቅጠሉ ረግፏል፣ ጎተራው ባዶ ነው፣ ሙቀቱም ፍሬውን ያጣድፈዋል። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ በቀጥታ ወደ ጥቁር ያልፋል። ቀይ የሚሆንበት ጊዜ አያገኝም። ከላይ ሲያዩት ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይመስላል። ከበሰለ በኋላ ከደረቀው ጀንፈል ጋር ግን አይገናኝም።

የእናንተ ቡና የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከተፈለፈለው ጥሬ ቡና አንድ እፍኝ ሳይመርጡ ያንሱና ወደ ብርሃን ያስጠጉት። ደህናው ፍሬ ሆዱ ላይ ያለው መስመር ቀጭን ነው፣ ጀርባው ሙሉ ነው፣ ጥርስ ላይ ይጠነክራል። ያልሞላው የተሸበሸበ ነው፤ ጠርዙ ይሳሳል፣ መስመሩ ይከፈታል፣ ወደ ውስጥ እንደ ጀልባ ይጎብጣል። የብሩ ቀለም ያለው ሽፋኑ ላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሰፌድ ላይ ሲያነፍሱት ወደ ዳር ይሸሻል። ነገሩን ሲገልጹ የአምናው ዝናብ ቶሎ መውጣቱን ጽፈዋል። ሲቆሉትም ነጣ ያለ ፍሬ አግኝተዋል። ስለዚህ ችግሩ የመሙያው ጊዜ ነው ብዬ እፈርዳለሁ።

ነጣ ብሎ የቀረው ፍሬ ጉዳይ ኬሚስትሪው በግልጽ የሚታይበት ነው። ቡና ምጣድ ላይ የሚጠቁረውና የሚሸተው ስኳሩና አሚኖ አሲዱ በሙቀት ሲዋሐዱ ነው። ፍሬው ውስጥ ስኳር ከሌለ የሚዋሐድ ነገር የለም። ጎረቤቱ ሲጠቁር እሱ ገለባ መስሎ ይቀራል። ኦቾሎኒ የሚለው ጣዕም ከእሱ ነው። ምላስ የሚይዘው ደግሞ ክሎሮጀኒክ አሲዱ ነው። ፍሬ ሲበስል የአሲዱ ድርሻ እየቀነሰ፣ የስኳሩ እየጨመረ ይሄዳል። ጥሬው ላይ ያው እንደበዛ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ ሰው ምላስ የሚይዝ ቡና ሲገጥመው ጠቆር አድርጎ ይቆላዋል። አይጠቅምም። ክሎሮጀኒክ አሲዱ በሙቀት ሲፈርስ መጀመሪያ ለስላሳ መራራነት ያለው ነገር ይሆናል፤ ቁላቱ ሲጠቁር ግን ጉሮሮ ላይ ቆይቶ ወደሚቀር ሻካራ መራራነት ይለወጣል። ካለዎት ቡና የሚጠጣ ነገር ማውጣት ከፈለጉ መካከለኛ አድርገው ይቁሉትና ነጣ ነጣ ያሉትን አንድ በአንድ ይልቀሙ። በዚያ ብቻ ጣዕሙ ላይ ትልቅ ለውጥ ያያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኮስታ ሪካ ጥናትም ነገሩን ያጠናክራል። ጥላ ሥር ያደገ ቡና ሙሉ ፀሐይ ላይ ካደገው እስከ አንድ ወር ድረስ ዘግይቶ በሰለ፤ ፍሬውም ተለቀ። ካፌይኑና ዘይቱ የበለጠው ጥላ ሥር ያለው ነው። ክሎሮጀኒክ አሲዱ የበዛውና ሲጠጣ የመረረው ግን ፀሐይ ላይ ያለው ሆነ። ካፌይን የበዛበት ቡና መራራነቱ ያነሰ መሆኑን ልብ ይበሉ።

አባትዎ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት ግን አይደለም። ቡና ከማበቡ በፊት የተወሰነ ደረቅ ጊዜ ይፈልጋል። እምቡጡ በደረቁ ወራት ያንቀላፋል። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲመታው በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ አንድ ላይ ይፈካል። አንድ ላይ ያበበ አንድ ላይ ይበስላል፤ ለቀማውም ይቀላል። በመኸሩም ደረቅ አየር ጀንፈሉን ያለ ሻጋታ ያደርቃል። እሳቸው በዕድሜያቸው ያዩት ጥሩ ደረቅ ጊዜ ይህ ይመስለኛል። ቅጠሉን አስመልክቶም እውነት አለ፤ ድርቅ ላይ ያለ ቅጠል ውስጥ መከላከያዎቹ ሊጨምሩ ይችላሉ። ቁጢ (የቡና ቅጠል) ለሚያፈሉ ሰዎች ጣዕሙ ጠንከር ቢል አይገርምም። ቅጠሉ ላይ የሆነው ሁሉ ግን ፍሬው ላይ ይሆናል ማለት አይደለም።

ወደ ዩሪያው እንምጣ። ደረቅ፣ ሞቃት አፈር ላይ የተበተነ ዩሪያ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። የቀረው ሥሩ ዙሪያ ያለችውን ጥቂት ውሃ እንደ ጨው ይሻማል። ዝናብ መጥቶ ቢሠራ ደግሞ ለስላሳ አዲስ ቅጠል ያስወጣል፤ አዲስ ቅጠል ተጨማሪ ውሃ ይጠይቃል። ዩሪያ የሚሰጠው ዝናቡ ከያዘ፣ አፈሩ ከራሰ በኋላ ነው። በጥቂቱ ተከፋፍሎ ይሰጥ፤ አፈር ይልበስ። በድርቅ መሃል አይሰጥም።

«ቫይታሚን» የሚባለው ነገር እንደ ጠርሙሱ ይለያያል። ብዙውን ጊዜ ጥቃቅን ማዕድናት ወይም የእድገት ሆርሞን ነው። የዚንክ ወይም የቦሮን እጥረት ላለበት ማሳ፣ እርጥበት ባለበት ወቅት ሊጠቅም ይችላል። ቀዳዳውን ዘግቶ የተጨማደደ ቅጠል ላይ መርጨት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ውሃን የሚተካ የሚረጭ ነገር የለም። ለድርቅ በእርግጥ የሚያግዘው ማዕድን ፖታሲየም ነው፤ የቅጠሉን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋው እሱ ስለሆነ። እሱም በብዛት ያለው የቡናው ገለባ ውስጥ ነው። ከሆጃ (ከገለባው ከሚፈላው መጠጥ) የተረፈው ገለባ ከፍግ ጋር በኮምፖስት መልክ ወደ ዛፉ ሥር ይመለስ።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ይቅደም። ጉዝጓዝ ከሁሉም ይበልጣል። የሚነጠፈው ግን አፈሩ ከደረቀ በኋላ አይደለም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ ገና እርጥብ እያለ መሆን አለበት። የማሽላ አገዳ፣ ደረቅ ሣር፣ የዛፍ ቅጠል ሁሉም ይሆናል። ውፍረቱ አንድ ስንዝር ቢጠጋ ጥሩ ነው። ከግንዱ በአንድ ስንዝር ይራቅ፤ አለበለዚያ ምስጥ ይጠራል። ማሳው ተዳፋት ከሆነ እርከኑና በየዛፉ ሥር ያለው ግማሽ ጨረቃ ጉድጓድ ከበልጉ በፊት ይጠገን።

ጥላ ሁለተኛው ነው፤ በልክ ግን። ዋንዛና ብርብራ ለዚህ ተመስክሮላቸዋል። ጥላው የፀሐዩን ሲሶ ያህል ቢከልል በቂ ነው። ደረቅ ቦታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ራሱ ውሃ ይሻማል። ስለዚህ የጥላ ዛፉን ቅርንጫፍ ከደረቁ ወቅት በፊት ያሳሱት፤ የተቆረጠው ቅጠል ጉዝጓዝ ይሁን። ባሕር ዛፍ ከማሳው አጠገብ አይተከል።

በሞተር ወይም በኩሬ ትንሽ ውሃ የሚገኝ ከሆነና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ሰኔ ላይ አያውሉት። ለነሐሴ መጨረሻና ለመስከረም ያቆዩት። የሰኔው ውሃ ፍሬ ያተልቃል። የመስከረሙ ስኳር ያስገባል። እርስዎ የጎደለዎት ሁለተኛው ነው።

ለቀማው ላይም መጽናት ያስፈልጋል። ዛፉን አንድ ጊዜ መግፈፍ ቀይ የሆነውንም ቢጫውንም አንድ ላይ ያመጣል። ድርቅ ባለበት ዓመት ይህ ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል። ቀዩ እየተመረጠ ሁለት ሦስት ዙር ይለቀም። ከቢጫ ወደ ጥቁር ያለፈው በሌላ ከረጢት ይግባ። ዛፉ ላይ ትቶ ማድረቅም ቢቀር ይሻላል፤ ያልበሰለውን አያበስለውም፣ የቡና ፍሬ ቦርቧሪ ነፍሳትን ግን ያራባል። የተለቀመው ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ፣ እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪደርስ ይድረቅ።

የመጨረሻው የመንቀሉ ጉዳይ ነው። ጫት ድርቅ እንደሚችል፣ በዓመትም ደጋግሞ ገንዘብ እንደሚያስገኝ አውቃለሁ። አባትዎ ያሰቡት የቤተሰብ ቀለብ ነውና ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የተነቀለ ቡና አይመለስም፤ አዲስ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ዘንድሮ በሕይወት ያለ ዛፍ አይነቀል። መጀመሪያ ዛፎቹ ይመርመሩ።

ምርመራው እንዲህ ነው። ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱን በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ይፋቁ። ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ዛፉ በሕይወት አለ። ቀጥሎ እንደ አውራ ጣት የወፈረ የጎን ቅርንጫፍ ይቁረጡና ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲን ቁራጩ ላይ ያንጠባጥቡ። እንጨቱ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች አለው፤ ማለትም ጎተራው ባዶ አይደለም። ቡናማ ሆኖ ከቀረ ስታርቹ አልቋል።

ስታርች ያላቸውና ቅጠላቸው ደህና የሆነው ይቀመጡ፤ ጉዝጓዝና ኮምፖስት ይስጧቸው። ያረጁ ግን ስታርች ያላቸው ከለቀማው በኋላ፣ ከበልጉ በፊት ይጎንደሉ። ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳያቁር ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጥ። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ፍሬ ይመልሳሉ። ሁሉንም በአንድ ዓመት አይጎንድሉ፤ በየዓመቱ ሲሶውን ብቻ። ስታርቻቸው ያለቀው ዘንድሮ ከተጎነደሉ የሚያበቅሉበት ስንቅ የላቸውም። ለእነሱ አንድ ክረምት ይስጧቸው። እምቡጡን አራግፈው ፍሬ ሳይዙ ያሳርፏቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና በአዮዲን ይፈትሹ። ቅርፊታቸው ሥር ቡናማና ደረቅ የሆኑት ሞተዋል፤ የሚተኩት እነሱ ናቸው።

ለመተኪያ የሚሆነው ዘር ከአካባቢው ይምጣ። 74110 እና 74112 የሚባሉት የጅማ ዝርያዎች ስማቸው በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። የተመረጡት ግን እ.ኤ.አ. በ1971 አገር ውስጥ የገባውን የቡና ፍሬ በሽታ ለመቋቋም ነው፤ ቦታቸውም ዝናብ የማይጠፋው ደቡብ ምዕራብ ነው። የሐረርጌ ቡና ለዘመናት አጭር ዝናብ ሲፈትነው የኖረ ነው። መቻራ የሚገኘውን የግብርና ምርምር ማዕከል ይጠይቁ። የአባትዎ ማሳ ከፍታ ላይም ቆላ ላይም ከሆነ አዲሱ ችግኝ ከፍ ያለው ላይ ይተከል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ብሏል። ምሥራቁ ክፍል በጣም ከሚያሰጉት መካከል ነው። ቆላው ላይ የሞተው ዛፍ ቦታ ለጫትም ለሌላም ቢውል አልቃወምም።

ከአምናው ምርት በአባትዎ እጅ የቀረ ካለ ሳይለይ አይሸጥ። በሰፌድ ተነፍሶ ከባዱ ለብቻ፣ ቀላሉ ለብቻ ይሁን። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ቆልተው አባትዎን ያስቀምሷቸው። ቀላሉን የሚገዛ ሰብሳቢ በዝቅተኛ ዋጋ ይገኛል፤ ከከባዱ ጋር ከተቀላቀለ ግን ሁሉም በዚያ ዋጋ ይሄዳል።